የተግባር ልምምድና የፈረምንበት ደብተር

ከልምምድ የተመለሱ ሰባት ተማሪዎች በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር



ማኅበራችን ዛሬ እንድንናገር የጠየቀን «ከልምምድ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» በሚል ርእስ ነው። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን መልሱን ለማሰናዳት በተሰበሰብንበት ማታ ከሰባታችን አንዱ፣ «እውነቱን ነው ወይስ በደብተሩ ላይ የጻፍነውን?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ለረዥም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። የዛሬው ንግግራችን የተነሣው ከዚያ ዝምታ ነው።

እንደምታውቁት በእኛ ክፍሎች ተማሪ በአራተኛው ዓመት አንድ መንፈቅ ከግቢ ወጥቶ በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት እንዲለማመድ በሥርዓተ ትምህርቱ ተደንግጓል። ብዙዎቻችን «ኢንተርንሺፕ» እያልን የምንጠራው ይህንኑ ነው። ከኤሌክትሪክ ምህንድስና ሦስት፣ ከሶፍትዌር ሦስት፣ ከሜካኒካል አንድ ሆነን ወጥተን ተመልሰናል። ስንወጣ ለየአንዳንዳችን አንድ ደብተር ተሰጠን። ተማሪው በየዕለቱ የሠራውን ይጽፍበታል፤ አሠሪው በየሳምንቱ ይፈርምበታል፤ በመጨረሻም መምህሩ አይቶ ማርክ ይሰጥበታል። ሦስት ሰው የሚፈርምበት ወረቀት በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም፤ በሦስት ፊርማ ስንት ገንዘብ ከባንክ ይወጣል!

እንግዲህ እውነቱን እንናገር። ከሰባታችን አራታችን ደብተሩን የሞላነው ወደ ግቢ ከመመለሳችን በፊት በነበሩት ሁለት ሌሊቶች ነው። የአራት ወር ሥራ በሁለት ሌሊት ጻፍን። በተለያየ ቀን የተጻፈ እንዲመስል ሦስት ዓይነት እስክሪፕቶ ገዛን፤ በአንዳንዱ ገጽ ላይ ሆን ብለን ሻይ አንጠበጠብን። የምንጽፈው ሲያልቅብን ባለፈው ዓመት ከወጡት ተማሪዎች ደብተር ገለበጥን፤ እነሱም ከነሱ በፊት ከነበሩት ገልብጠው እንደ ነበረ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ከመካከላችን አንዱ ቀኑን ሲደረድር በዓላቱን ማየት ረሳና ሚያዝያ 23 ቀን «ከኀላፊዬ ጋር የማከፋፈያ ሰሌዳ ስንጠግን ዋልን» ብሎ ጻፈ። ሚያዝያ 23 የዓለም የሠራተኞች ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነበር፤ ዘበኛው እንኳ የበዓል ተራ ነበረው። በዚያ ገጽ ላይ የአሠሪው ፊርማ አለ፤ ማኅተም አለ፤ የመምህሩ ፊርማም አለ። የተሰጠው ማርክ ኤ ነው።

ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር፤ አመለጥን አልን። ቆይቶ ግን ነገሩ ያሳዝን ጀመር። ደብተሩን ማንም አላነበበውም ማለት ነው። ዋሽተን ሳንያዝ ከቀረን፣ ከመካከላችን በትጋት ሠርተው እያንዳንዱን ቀን በታማኝነት የጻፉትም ሦስት ጓደኞቻችን አልተነበቡም። ኤ ለእነሱም ተሰጥቶአል፤ አንድ ዓይነት ኤ ነው።

አራታችን ሰነፎች ስለ ሆንን ነው የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠን። ሦስታችን የተመደብነው በአንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስም አንጠራም፤ ደብተራችንን የፈረመልን ሰው በደመወዙ የሚኖር፣ በግል ያልበደለን ሰው ነውና። በመጀመሪያው ቀን በአክብሮት ተቀበሉን። በሁለተኛው ቀን አሮጌ ወንበርና የተበላሸ ኮምፒዩተር ወደሚቀመጥበት ዕቃ ቤት አስገቡንና «እዚህ ሁኑ፤ ሥራ ሲኖር እንጠራችኋለን» አሉን። አልፎ አልፎ ጠርተውናል። ለማተሚያው ወረቀት ጨምረናል፤ ዊንዶውስ ጭነናል፤ አንድ ጊዜም የኔትወርክ ገመድ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ዘርግተናል። ገመዱን የዘረጋንባት ቀን ከዐራቱ ወር ሁሉ የተሻለች ነበረች፤ በማግሥቱም ያቺ ቢሮ ስለ ሠራች ጸሐፊዋ አመስግናናለች። የቀረውን ጊዜ በስልካችን ፊልም ስናይ አሳለፍነው። በሁለተኛው ወር «ሥራ ስጡን» ብለን ለመጠየቅ ተነሥተን በር ላይ ስንደርስ ተመለስን። ለምን እንደ ተመለስን እስከ ዛሬ ለራሳችንም አልገባንም። ፍርሃት ይሁን ምቾት መለየት ያስቸግራል።

የአራተኛዋ ነገር ከዚህ ይለያል። እኅታችን የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ናት። የሄደችበት ኩባንያ ስልክ መቀበያው ዘንድ አስቀመጣት። ወደ ወርክሾፑ ልግባ ብትል «ምን አስቸኮለሽ፣ እዚያ ዘይትና ቆሻሻ ነው» አሏት። ከእርሷ ጋር የተመደቡት ሁለት ወንዶች ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወርክሾፕ ይውሉ ነበር። እርሷም በደብተሯ ላይ እውነቱን ጻፈች፤ «ሰኞ፦ ስልክ አነሣሁ። ማክሰኞ፦ ስልክ አነሣሁ፣ እንግዳ አስተናገድሁ።» ሁለት ሳምንት እንዲህ ጻፈች። ኀላፊው ደብተሩን ሲያይ «ይህ አይጻፍም፤ የምህንድስና ሥራ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ» ብሎ መለሰላት። እኛ የዋሸነው በገዛ እጃችን ነው፤ እርሷ ግን እውነት ጽፋ ውሸት እንድትጽፍ ታዘዘች። ያን ጊዜ ወደ ክፍሏ ስልክ ደውላ እንደ ሆነ ጠየቅናት። ደውላለች። «ታገሺ፣ ዋናው ማርኩ ነው» ተብላለች።

አሁን ደግሞ ስለ ሦስቱ እንናገር፤ የሚጠቅመው እርሱ ነውና።

አንዱ ጓደኛችን የሄደው ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የተሰጠው ለጥገና ፎርማኑ ነው፤ እኒህ ሰው ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም፣ ጡረታ ለመውጣትም ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። በዚያ ሰሞን አንድ ሞተር ሥራ ከጀመረ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲሆነው ይቆም ነበር። ሪሌው ይወድቃል፤ ሲቀዘቅዝ ያነሡታል፤ እንደ ገና ይወድቃል። ፎርማኑ ጓደኛችንን አቁመው «የሦስት ፌዝ ስሌት ታውቃለህ?» አሉት። «አዎ ጋሼ፣ በደንብ ተምረነዋል» አለ። «እንግዲያው መጀመሪያ እጅህን ኪስህ ክተትና ስማ» አሉት። ሦስት ቀን አንዳች ሳይነካ አቆሙት። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ድምፁ እንደሚለወጥ፣ እንደ ታመመ ሰው እንደሚያቃስት ለየ። ወዲያው ተቀምጦ «ሞተሩ ተቃጥሎአል፣ ይለወጥ» የሚል አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፈ። እሳቸውም ወረቀቱን አንብበው፣ «ልጄ፣ ግዥ ክፍል ሂድና አዲስ ሞተር ስንት እንደሚያወጣ፣ በስንት ወርም እንደሚመጣ ጠይቅልኝ» አሉት። ጠይቆ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን ክላምፕ ሜትር ሰጡት። በክፍል ውስጥ ሥዕሉን አይቶታል እንጂ በእጁ ይዞት አያውቅም ነበር። ሲለካ በሁለቱ ፌዝ ላይ 41 እና 43፣ በሦስተኛው ላይ 29 አምፔር አገኘ፤ በሞተሩ ሳህን ላይ የተጻፈው 38 ነው። በመጽሐፍ እንደ ተማርነው በሦስቱ ፌዝ መካከል የሚገኝ ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት የአምፔሩን ልዩነት ከስድስት እስከ ዐሥር እጥፍ ያበዛዋል፤ ዐረፍተ ነገሩን ለፈተና ሸምድደነዋል። ያን ዕለት ዐረፍተ ነገሩ በፊቱ ቆሞ አየው። ዋናው መብራት ተዘጋ፤ የማጥፊያውንም ቁልፍ ፎርማኑ ቆልፈው በተማሪው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ «ቁልፉ ካንተ ጋር ከሆነ ማንም አይገድልህም» እያሉ። ኮንታክተሩ ሲከፈት ከሦስቱ መገናኛዎች አንዱ ጠቁሮና ተበልቶ ተገኘ። መለወጫው በመጋዘን ነበረ። በዚያ ሞተር በሚዞረው ማሽን ላይ የሚሠሩት ሴቶች፣ ማሽኑ በቆመ ቁጥር የምርት ጉርሻቸው የሚቀርባቸው፣ ዳር ቆመው ይመለከቱት ነበር። ሞተሩ ሲነሣ አንዲቱ «ተባረክ» አለችው። ይህን ሲነግረን ድምፁ ተለወጠ፤ እኛም ከዐራቱ ወር የዕቃ ቤት ፊልማችን አንዱን እንኳ ማስታወስ አቃተን።

ሁለተኛው የሶፍትዌር ተማሪ ሲሆን የሄደው ከሕዝብ ክፍያ ወደሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው የደንበኞችን መዝገብ ማጥራት ነበር። ቀላል ይመስላል። ኀላፊው የሆነችው ከእኛ በሦስት ዓመት ቀድማ የተመረቀች ወጣት ናት፤ ጧት ጧት አንድ ሰዓት አብራው ትቀመጥ ነበር። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ አንድ ሰው አምስት ሰው ሆኖ እንደ ተመዘገበ አየ። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ ኀይሉ። ለእኔና ለእናንተ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አምስት። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታልና፣ ማሽኑ «ድምፁ አንድ ነው» የሚባል ነገር አያውቅም። በሰ እና በሠ፣ በአ እና በዐ፣ በጸ እና በፀ ያለውን ጨምሩበት። ጓደኛችን ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ የሚያነብ ፕሮግራም ጽፎ፣ ስምና የአባት ስም የተመሳሰለውን ሁሉ በአንድ ሌሊት አዋሐደ። በማግሥቱም በኩራት አሳየ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ። ከፍለው ሳለ ያልከፈሉ ተብለዋል፤ ስማቸውም የአባታቸውም ስም ከሌላ ሰው ጋር አንድ ስለ ሆነ የሁለቱ ሒሳብ ተዋሕዶአል። ኀላፊዋ አልሸፈነችለትም፤ አልጮኸችበትምም። «ያዋሐድከው አንተ ነህ፣ አንተ ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ከዚያም እንለያየዋለን» አለችው። ለያይተው ለመጨረስ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። የአያት ስምና የትውልድ ቀን ሳይመሳከር ማዋሐድ እንደማይገባ ከዚያ ወዲያ አልረሳውም። የትውልድ ቀኑን ሲያመሳክር ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠለት። መመዝገቢያው በውጭ አገር የተሠራ ስለ ነበር ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ሁሉ እንደ መዝጋቢው ፈቃድ ወይ ነሐሴ 30 ወይ መስከረም 1 ተወልዶአል! በየትኛው የትምህርት ክፍላችን ይህን እንማራለን? መጽሐፎቻችን የተጻፉት ጳጉሜን በሌለበት አገር ነው።

ሦስተኛው ጓደኛችን በአንድ ትንሽ ጋራዥ ሠርቶአል። የመጀመሪያውን ወር መፍቻ ሲያቀብል፣ ሁለተኛውን ዘይት ሲለውጥ ኖረ፤ በአራተኛው ወር የፍሬን ሲስተም ለብቻው ፈትቶ ገጥሞአል። ባለቤቱ መኪናውን ለደንበኛው ከመስጠቱ በፊት ራሱን ተማሪውን መሪ ላይ አስቀምጦ ቁልቁለት አስነዳው። የምህንድስና ፈተና እንዲህ ቢሆን ስንቶቻችን እንቀመጥ ነበር?

እነዚህ ሦስቱ ከእኛ የተሻለ ጭንቅላት የላቸውም፤ ይቅርታ ያድርጉልን፣ የአንዱ ውጤት እንዲያውም ከሁላችን ያነሰ ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። የእነሱን ሥራ የሚጠብቅ ሰው ነበረ። ቢሳሳቱ የሚጎዳ ሰው ነበረ፤ የፈረመላቸውም ሰው በስሕተታቸው አብሮ የሚጠየቅ ነበረ። እኛ ብንሳሳት ማንም አይጎዳም ነበር፤ ስለዚህም አንዳች አልተማርንም። እኛ ስለ ልምምድ ያለን አስተያየት በአጭሩ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በሽሮ ሜዳ የሸማኔ ልጅ መጀመሪያ ቀሰም ያጠነጥናል፤ ያጠነጠነው ቀሰም በዚያው ዕለት በአባቱ መወርወሪያ ውስጥ ይገባል፤ ከተበላሸም ጨርቁ ይበላሻል። (ያ ሥርዓት ነውር የለበትም አንልም፤ ከትምህርት ቤት የቀሩ ስንት ልጆች በጉድጓዱ ውስጥ አርጅተዋል።) በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ አብረው ይኖራሉ፣ በሽተኛውም በር ላይ ይጠብቃቸዋል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ የሚበዙት አስተማሪ ሆኑ። ግዴታ መሆኑን የተቃወሙ ነበሩ። ይሁን እንጂ በማግሥቱ አርባ ልጅ የሚጠብቀው አስተማሪ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ሊውል አይችልም።

የአየር መንገዳችን ታሪክ ደግሞ ጊዜ እንደሚወስድ ያስተምረናል። በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ነው፤ አብራሪውም ሥራ አስኪያጁም የውጭ ሰው ነበረ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆነው የበረሩት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971። ሩብ ምእተ ዓመት ማለት ነው። በአሜሪካ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሔርማን ሽናይደር የተባሉ የምህንድስና መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 ተማሪን አንድ ሳምንት በክፍል፣ አንድ ሳምንት በፋብሪካ እያፈራረቁ ማስተማር ሲጀምሩ የተቀበሉት ተማሪ 27 ብቻ ነበር። በ27 ጀመሩ። እኛ በስንት ጀመርን?

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአገራችን የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተወስኖ ነበር። (70 እና 30 በትምህርታችን ሁለት ጊዜ የወጣ ዕጣ ነው፤ በቴክኒክና ሙያ ደግሞ ከሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋሙ እንዲሰጥ ይባላል።) ተማሪው በዐዋጅ ይበዛል፤ ፋብሪካ ግን በዐዋጅ አይበዛም። የኛ ፎርማን በዚያ መንፈቅ ከሦስት ዩኒቨርሲቲ የተላኩ ተማሪዎችን ማመልከቻ እንዳዩና አንዱን ብቻ እንደ ተቀበሉ ነግረውታል። «ሁለት ብቀበል ሁለቱንም አላስተምርም» አሉ። እሳቸው የሚጠየቁት በምርት ነው፤ ተማሪ በማስተማር ደመወዝ አይጨመርላቸውም፤ ተማሪው ቢጎዳ ግን ይጠየቃሉ። ስለዚህ በርን የሚዘጋ አሠሪ ሁሉ ክፉ ነው ብለን አንፈርድም። ተቀብሎ ዕቃ ቤት ከሚያስገባው ይልቅ አልቀበልም የሚለው ለእኛ ይሻላል።

መምህራኖቻችንም ቢሆኑ በዐምስት ከተማ የተበተኑ አርባ ተማሪዎችን አንድ መምህር እንዲጎበኝ ሲታዘዝ፣ ለመንገዱም በቂ አበል ሳይኖር፣ ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል? ይህን እናውቃለን። ነገር ግን ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ደብተሩን ማንበብ አበል አያስፈልገውም። በሆስፒታል ተለማማጁ ሐኪም የጻፈውን ትእዛዝ ዋናው ሐኪም ሳያነብ ቢፈርም ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ወዲያው አይሞትም፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ስለ ገንዘብም ሳንናገር አናልፍም። ከሰባታችን አምስታችን የሚያድረንን ቤትና የታክሲ ሒሳብ ከቤተሰብ ነው ያገኘነው። የአንዱ እናት እንጀራ እየሸጡ ነው የላኩለት። ብዙ ተማሪ ቦታ የሚመርጠው ትምህርት ያለበትን ሳይሆን አክስቱ ያለችበትን ከተማ ነው፤ አንወቅሰውም። ከምረቃ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ልምምድ ይጠብቀናል። በአራት ኪሎ ጋዜጣ እየተከራዩ የሥራ ማስታወቂያ ያነቡ የነበሩት ታላላቆቻችን፣ ዛሬ በቴሌግራም የሚያነቡትም፣ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲያገኙ እንደ ሎተሪ ይቆጥሩታል። ይህን ችግር የተረዱ አንዳንድ አሠሪዎች ምሩቁን «ልምድ እንሰጥሃለን» ብለው ለወራት ያለ ደመወዝ ያሠሩታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኖአል፤ በሙከራ ላይ ያለውም ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። ተመራቂዎች ይህን ቁጥር በጭንቅላታችሁ ያዙ። ተማሪ ለትምህርት ሲሄድ ሌላ ነገር ነው፤ የተመረቀ ሰው የሌላውን ምርት እያመረተ ነጻ ሲሠራ ግን ስሙ ልምምድ አይደለም።

አሁን ወደምንጠይቀው እንምጣ። ከመምህራን የምንጠይቀው ደብተሩ እንዲነበብና ከማርኩ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ከደብተሩ ላይ አንድ ቀን ተመርጦለት «በዚህ ቀን ምን አደረግህ? ለምን?» ተብሎ ለዐሥር ደቂቃ እንዲጠየቅ ነው። ሚያዝያ 23ን የጻፈው ጓደኛችን ከዚህ ጥያቄ ባላመለጠም ነበር። ሥራ ያልተሰጠው ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ቢያመለክት ቦታው እንዲለወጥለት፣ ሴት ተማሪ ስለ ስልክ ስታመለክትም «ታገሺ» እንዳትባል እንለምናለን። ከማኅበራችን የምንጠይቀው አንድ መዝገብ እንዲከፍት ነው። ከልምምድ የሚመለስ ተማሪ ሁሉ የነበረበትን ቦታ፣ በእጁ የሠራውን፣ ማን እንዳስተማረው፣ ቤት ኪራይና ታክሲ ስንት እንደ ፈጀበት ይጻፍበት። ከሰው የሰማውን አይጻፍ፤ ስሙንም ይፈርም። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያን አንብቦ ይምረጥ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ሁላችንም ያለፉትን ጥያቄዎች እየሰበሰብን ለታናናሾቻችን እናወርሳለን፤ ይህንንም ማውረስ አያቅተንም።

ከራሳችን ደግሞ የሚጠበቀውን አድርገናል። ከአራቱ ሦስታችን ባለፈው ሰኞ ደብተራችን እውነተኛ አለመሆኑን ጽፈን ለክፍል ኀላፊዎቻችን ሰጥተናል። ማርኩ እንዲሰረዝና ክረምቱን እውነተኛ ሥራ ሠርተን እንድንፈተን ጠይቀናል። ምናልባት ከእኩዮቻችን ጋር ላንመረቅ እንችላለን፤ ምናልባትም ከዚህ የከፋ ቅጣት ይመጣል። መልሱ ገና አልመጣም። አራተኛው ጓደኛችን አልፈረመም። አባቱ ሞተው ሦስት ታናናሾች የሚጠብቁት እርሱን ነው፤ አንድ ዓመት መቆየት አይችልም። ይህን እንድንናገር ራሱ ፈቅዶልናል። ማን እንደ ሆነ ለማወቅ መቁጠር የሚፈልግ ሰው መቁጠር ይችላል፤ እንዳትቆጥሩ እንለምናችኋለን። ከእኛ ጋር እዚህ ተቀምጦአል፤ ይህንንም ንግግር ግማሹን የጻፈው እርሱ ነው።

መዝገቡን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክበናል። ከነገ ጀምሮ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት በማኅበሩ ቢሮ ይገኛል። ሰባታችን ጽፈንበታል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም ሚያዝያ 23 ቀን መሥሪያ ቤቱ ዝግ እንደ ነበረ ተመዝግቦአል።